ደሴ ላይ አጎቴን ያሳየሁበት የልብ አልትራሳውንድ ክሊኒክ

አጎቴን በቅሎ ደረታቸውን ከረገጠቻቸው ሰባት ወር ሆናቸው። ያኔ አንድ ጤና ተቋም ራጅ አንስቶ «አጥንቱ ደህና ነው» ብሎ በማስታገሻ ሸኛቸው። እኛም አልሀምዱሊላህ ብለን ተውነው። ሰሞኑን ግን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው፣ እግራቸው ያብጥ ጀመር።

የደሴው ክሊኒክ ወረፋው ያማርራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ላይ! ሐኪሙ ግን ሌላ ነው። በማዳመጫው ረጅም ጊዜ ሰማና «አባባ፣ ደረትዎን የመታዎት ነገር ነበር?» አላቸው። ከዚያ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ፣ ስክሪኑን ወደኛ አዞረልን፦ በቀኝ የልብ ክፍሎች መሀል ያለውን ቫልቭ (ደም ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን በር) የያዘው ክር ተበጥሶ ይንሳፈፋል፣ ደሙም ወደኋላ ይመለሳል። ደረት በድንገት ሲመታ ልብ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ቫልቩን ሊቀድደው ይችላል፤ የግራው ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይጥላል፣ የቀኙ ግን ዓመታትም ተደብቆ ሊቆይ ይችላል አለን። ራጅ ደግሞ ይህን አያሳይም። «አብሽሩ፣ በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን።

ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ዝርዝር የላትም፤ ለዚያ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ። የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ድረሱ።