ለድሪፕ መስመር የሚገዛ መሣሪያ፦ ፑንታው ላይ አትቆጥቡ

ድሪፕ (የጠብታ መስኖ) ሊዘረጋ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጎማው ነው፤ ስንት ሚሊሜትር ይሁን፣ ጠብታው በየስንት ሳንቲሜትር ይምጣ፣ ጥቅሉ ስንት ብር ገባ። መሣሪያ ትዝ የሚለው ጎማው ማሳው ላይ ከተራገፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እጅ የገባው ሁሉ መሣሪያ ይሆናል፦ የጋለ ብረት፣ የአናጢ ፑንታ፣ የወጥ ቤት ቢላ። ሞተሩ ተነስቶ ውሃ ሲለቀቅ ዋናው መስመር ዙሪያው ይጨቀያል፤ ወቀሳው ጎማውን ከዋናው ቧንቧ የሚያገናኘው ኮኔክተር ላይ ይወርዳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀዳዳው ነው። ስለዚህ "ከየትኛው መሣሪያ ልጀምር?" ለሚሉን ሁሉ መልሳችን አንድ ነው፦ ከመብሻው።

ቁጥሩን እንይ። 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው፤ በብዙ አካባቢ አንድ ጥማድ የሚባለው። መስመሩ በአንድ ሜትር ርቀት ቢወጣ 50 የድሪፕ ጎማ ይገባበታል። ይህም 2,500 ሜትር ጎማ፣ 50 ኮኔክተር፣ 50 ጎሚኒ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ውሃ የሚይዝ የጎማ ቀለበት)፣ 50 የጫፍ መዝጊያና ዋናው ቧንቧ ላይ 50 ቀዳዳ ማለት ነው። ጎማ ቢቀደድ ይቀጠላል፤ ኮኔክተር ቢሰበር ይቀየራል። የተበላሸ ቀዳዳ ግን አይጠብም። ወይ ቧንቧው ተቆርጦ በመገጣጠሚያ ይቀጠላል፣ ወይ በላዩ ላይ ክላምፕ ይታሰርበታል። ሁለቱም ከአንድ ኮኔክተር ብዙ እጥፍ ይወደዳሉ።

በጋለ ብረት መብሳት ገንዘብ ስለማያስወጣ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። እንዲህ የተበሳ ቀዳዳ ላይ ጣታችሁን አዙሩበት፦ የቀለጠው ፕላስቲክ ዙሪያውን እንደ ቀለበት አብጦ ደርቋል፤ በአንድ ጎን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሏል። ጎሚኒ ውሃ የሚይዘው ክብና ለስላሳ ጠርዝ ካገኘ ብቻ ነው፤ እብጠቱ ባለበት ቦታ ሁሉ ከጎኑ ክፍተት ይቀራል። ቧንቧው ፒቪሲ ከሆነ ደግሞ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ አሲድነት ያለው ጋዝ ስለያዘ ሳንባ ይጎዳል። ይህን መንገድ ለማንም አንመክርም።

የብረት ፑንታ፣ 14 ወይም 16 ቁጥር፣ ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን ቀጭን ግድግዳ ላይ ጫፉ አልፎ ሲወጣ ሙሉ ስፋቱ ገና አልገባም። የሚመራው ነገር ስለሚያጣ ይዋልላል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሦስት ማዕዘን ያደላል። በዓይን አይታይም፤ ጎሚኒው ሲገባ ግን በሦስት ቦታ ላላ ይላል። ጠፍጣፋው የአናጢ ፑንታ መሐሉን በሹሉ ስለሚይዝ ከዚህ ትንሽ ይሻላል። እሱም መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ነክሶ ይገነጥላል፤ በተለይ በጠዋት ብርድ ፒቪሲን ይሰነጥቃል።

ክብ መጋዙ፣ ነጋዴዎች "ሆል ሶው" የሚሉት፣ ከሁሉም በላይ የሚሸጠው ነው። ክብ ቀዳዳ ይሰጣል። ሁለት ችግር አለበት፦ ጥርሶቹ ወደ ውጭ ስለተጣመሙ 16 የተጻፈበት ከ16 በላይ ይበሳል፤ ቆርጦ የሚያወጣት ክብ ቁራጭ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። የመጋዙ ብናኝም ወደ ድሪፐሩ፣ ማለትም ጠብታው ወደሚወጣበት፣ ሄዶ ይደፍነዋል።

እኛ የምናደላው ለአራተኛው ነው፦ መሐሉ ሹል፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ ትከሻው ላይ ማቆሚያ ያለው የድሪፕ ፑንታ። ሹሉ ቦታውን ይይዛል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሳይገነጥል ይቆርጣል፤ ማቆሚያው ደግሞ የቧንቧውን ሌላኛ ግድግዳ ከመንካት ይከለክለዋል። ይህች ማቆሚያ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ከሰዓት በኋላ እጅ ሲዝል፣ 40ኛው ቀዳዳ ላይ፣ ቧንቧውን ከታች በኩልም በስቶ ማለፍ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ቧንቧው መሬት ላይ ስለተኛ የታችኛው ቀዳዳ የሚታወቀው ውሃ ሲለቀቅ ነው።

ልኩን ከሻጭ አፍ አትቀበሉ። ጎሚኒውን ይዛችሁ ሂዱና ቦዩን፣ ማለትም በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ያለውን አንገት፣ በካሊፐር ለኩ። የፑንታው ልክ እሱ ነው። አንገቱ 15 ከሆነ ፑንታው 15 ይሁን። በአንድ ሚሊሜትር ቢሰፋ ሞተሩ ሲነሳ በሚመጣው ግፊት ጎሚኒው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ በአንድ ሚሊሜትር ቢጠብ ደግሞ ሲገፋ ከንፈሩ ተጣሞ ይቆረጣል። የቧንቧው ግድግዳ ከአንገቱ ወርድ ቢወፍርም አይሆንም፤ የውስጠኛው ከንፈር ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ ከራሱ ከምትዘረጉት ቧንቧ አንድ ክንድ ቁራጭ ያዙ፣ ሦስት ቀዳዳ ብሱበት፣ ሦስቱንም ግጠሙ። ጎሚኒው በአውራ ጣት ጉልበት መግባት አለበት። ኮኔክተሩ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ሲገባም ቀጭ ሲል ይሰማል።

ወደ ዋጋ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ለስሌት ያህል ብቻ እንበል፦ ክብ መጋዙ 400 ብር፣ ባለ ማቆሚያው ፑንታ 1,500 ብር። የ1,100 ብር ልዩነት በአንድ ጊዜ ሲታይ ያስደነግጣል። በ50 ቀዳዳ ሲካፈል በቀዳዳ 22 ብር ነው። አራት ጎረቤታሞች ተዋጥተው ገዝተው 200 ቀዳዳ ቢበሱበት 5 ብር ከ50 ይሆናል። ዋጋ ስትጠይቁ በዚያው ሱቅ የ63 ሚሊሜትር ዋና ቧንቧ መገጣጠሚያ ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። ስንት የተበላሸ ቀዳዳ የፑንታውን ልዩነት እንደሚበላ ወዲያው ይገባችኋል፤ መልሱ ከጣት ቁጥር ብዙም አያልፍም።

የማፍሰሱንም ዋጋ አስሉት። የአንድ ሊትር የውሃ ላስቲክ በሁለት ደቂቃ የሚሞላ ፍሳሽ በሰዓት 30 ሊትር ነው። በሰዓት 2 ሊትር የሚሰጡ 15 ድሪፐሮች የሚያጠጡትን ያህል ማለት ነው። በቀን አራት ሰዓት ከጠጣ 120 ሊትር፣ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ። እንዲህ ያለ አምስት ቀዳዳ ካለ በሞተር የተቀዳ 600 ሊትር ውሃ በየቀኑ ሰብል በሌለበት ይፈስሳል፤ ነዳጁ ግን ተከፍሎበታል።

የተመሳሰለ ዕቃ ብዙ ነው። ባለ ማቆሚያውም ፑንታ ቢሆን ለስላሳ ብረት ላይ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። መለያው ሞረድ ነው። ትንሽ ሞረድ በኪስ ያዙና የሚቆርጠውን ጠርዝ በቀስታ ንኩት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ በእሳት የጠነከረ ነው፤ ከነከሰው ተዉት። የፑንታውን እግር አትሞክሩ፤ እሱ በጥሩውም ላይ ለስላሳ ነው። ቀጥሎ ትራፓኖ ላይ አስገጥሙና ባዶውን ይዙር፤ ሹሉ ክብ የሚሠራ ከሆነ ጠማማ ነው። ሻጩ ማስሞከር ካልፈለገ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ባለ ማቆሚያው ጨርሶ ከጠፋ ለቶርኖ ቤት ጎሚኒውን አሳይቶ ማስቀረጽ ይቻላል፤ ጠርዙን ማጠንከር የሚያውቅ ሰው ግን ምረጡ፣ አለዚያ 20 ቀዳዳ ሳይሞላ ይደነዝዛል።

ትራፓኖውን በተመለከተ ውድ አያስፈልግም። ፕላስቲክ ዝግ ያለ ዙር ነው የሚፈልገው፤ ሲፈጥን ይቀልጥና ያው የጋለ ብረት ይሆናል። በእጅ የሚዞረው ለ50 ቀዳዳ በቂ ነው፣ ባትሪም ጄኔሬተርም አይጠይቅም። የባትሪ ከገዛችሁ ሁለት ማርሽ ያለውን ያዙና በ1 ላይ ሥሩ። "48 ቮልት"፣ "88 ቮልት" የሚል ጽሑፍ ብዙ አያስደስታችሁ። ብዙዎቹ ሲከፈቱ በተርታ የተያያዙ አምስት የሊቲየም ሴሎች ናቸው፤ አምስት ሴል ሙሉ ሲሞላ 21 ቮልት ነው። ከ18 ወይም 21 ከተጻፈበት አይበልጡም፤ ለቁጥሩ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ለፓፓያ፣ ለአቮካዶና ለመሰል ዛፎች ድሪፐሩ ለብቻው ቀጭኑ ጎማ ላይ የሚሰካ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ቀዳዳው 3 ሚሊሜትር ነው፤ ትራፓኖ አያስፈልግም። የሚወዳደሩት በቲ ቅርጽ የተሠራው የእጅ መብሻና እንደ ፒንሳ የሚጨመቀው ናቸው። ቲው በጣም ርካሽ ነው፤ እስከ 100 ቀዳዳ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ፒንሳውን ግዙ፦ ጎማውን ከታች ስለሚደግፈው ሁለተኛውን ግድግዳ አይበሳም፣ መዳፍንም አያቆስልም። የተሳሳተ ቀዳዳ ለመድፈን የምትሰካ ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ከ100 ቀዳዳ 5 ያህል ገዝቶ መያዝ ይበቃል።

መቁረጫ ላይ ክርክር የለም። ለስስ የድሪፕ ጎማ ስለታም መቀስ ይበቃል። ለወፍራሙ ከ16 እስከ 32 ሚሊሜትር ድረስ እጀታው ደጋግሞ እየተጨመቀ የሚቆርጠው ባለ ራቼት የፒቪሲ መቀስ ከመጋዝ ይሻላል፤ ብናኝ አይጥልም። አብዛኞቹ እስከ 42 ይከፈታሉ። ስትገዙ ምላጩ በቡሎን የሚፈታ መሆኑንና ለብቻው ምላጭ መኖሩን ጠይቁ፤ ምላጩ የማይቀየር ከሆነ አንድ ድንጋይ ከነካ አበቃ። የርካሾቹ ሌላ ደካማ ጎን የራቼቷ ስፕሪንግ ናት፤ ባዶውን አስር ጊዜ ጨምቁት፣ አንዴ እንኳ ከሳተ መልሱት። ለ63 ቧንቧ መጋዝ ትጠቀማላችሁ፤ ዙሪያውን ወረቀት ጠምጥማችሁ በወረቀቱ ጠርዝ ከቆረጣችሁ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ጎማ ወደ ኮኔክተር አልገባ ሲል ክብሪት ወይም ላይተር ይወጣል። አይሆንም። እሳት የነካው ጫፍ ይሳሳል፤ ያብረቀርቃል፤ ያኔ ይይዛል፣ ከጥቂት ወራት ፀሐይ በኋላ በቁመቱ ይሰነጠቃል። አንድ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ጫፉን 10 ወይም 15 ሰከንድ ነክራችሁ ወዲያው ግፉ፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጨመቃል። የሞተር ዘይትና ግሪስ ጎሚኒውን ያበላሻሉ። ሳሙናም ቢሆን ውጥረት ያለበትን ፖሊኢታይሊን (ጎማው የተሠራበትን ፕላስቲክ) እየቆየ እንዲሰነጠቅ ያግዛል፤ ለጎሚኒው ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ስስ ጎማ ላይ ግን ማሞቅም መግፋትም የለም፤ በዳዶ የሚጠብቅ ኮኔክተር ግዙለት። በካላማዳሪ ቁራጭ ማሰር ለአንድ ቀን ይይዛል፤ ፀሐይ ሲመታው ላስቲኩ ይሞታል።

የግፊት መለኪያ ሲገዛ ሱቆች የሚያቀርቡት እስከ 10 ባር የሚያነበውን ነው። እስከ 2.5 የሚያነበውን ፈልጉ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። መለኪያው ላይ "2.5" የሚል የጥራት ደረጃ ካለ ስህተቱ እስከ ሙሉ ንባቡ 2.5 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው፦ በ10 ባሩ ሩብ ባር፣ በ2.5ቱ ግን ከ0.07 ያነሰ። ስስ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ1 ባር በላይ ስለማይችል ሩብ ባር መሳት ጎማ ማስፈንዳት ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የጎማዎቹን ጫፍ ገና አትዝጉ። መጀመሪያ የዋናውን ቧንቧ መጨረሻ ከፍታችሁ ውሃው ንጹሕ እስኪወጣ ልቀቁ፤ ከዚያ ዋናውን ዝጉና ጎማዎቹን አምስት አምስት እያደረጋችሁ አጥቡ። የመጀመሪያው ውሃ የሚያወጣውን በነጭ ጨርቅ ተቀበሉት። ጨርቁ ላይ ረጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ካያችሁ ፑንታው ገና ስለታም ነው፤ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካያችሁ ደንዝዟል፣ ለሚቀጥለው ማሳ ሳይሳል አይውጣ።