ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ የላቴክ ፎንቶችና የግራፍ ጥቅሎች፦ የትኛው ያዋጣል?

ጅማ ላይ መመረቂያ ጽሑፉን በላቴክ፣ ማለትም ገጽን በተጻፈ ትእዛዝ በሚያቀናብር ፕሮግራም፣ የሚያዘጋጅ ተማሪ እንግሊዝኛውን ያለ ብዙ ችግር ይዘልቀዋል፤ ጣጣው የሚመጣው አባሪው ላይ ነው። መጠይቁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሲገባ ቁቤው ላቲን ስለሆነ እሺ ይላል፤ የአማርኛው ፊደል ግን ፎንት ካልተመደበለት ከገጹ ድራሹ ይጠፋል። ጥቅሎቹን (ተጨማሪ መሣሪያዎቹን) የመዘንናቸው በዚሁ ሥራ ነው፦ ሦስት ቋንቋ፣ ጥቂት ቀመርና ብዙ ግራፍ ኖሮት በመጨረሻ ፕሪንት ቤት በጥቁርና ነጭ በሚወጣ ሰነድ።

ፎንት የሚመረጥበት ጥቅል ፎንትስፔክ የሚሠራው በሁለት የላቴክ ሞተሮች፣ በዚላቴክና በሉዋላቴክ፣ ብቻ ነው። ላቴክ በድረ ገጽ የሚጻፍበት ኦቨርሊፍ ደግሞ ካልነካኩት የሚጠቀመው ሌላውን ሞተር፣ ፒዲኤፍላቴክን፣ ነው። “ፎንትስፔክ እምቢ አለኝ” የሚለው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፓይለሩን (ሞተሩን) ከምናሌው በመቀየር ያልቃል። ከሁለቱ እኛ ሉዋላቴክን እንመርጣለን። ቀርፋፋ ነው፤ መጀመሪያ ሲነሳ የኮምፒውተሩን ፎንቶች ሁሉ ስለሚመዘግብ የተበላሸ ያስመስላል፣ ታግሶ መጠበቅ ነው። ጥቅሙ የቋንቋዎች ጥቅል በሆነው ባቤል ላይ ነው፦ ለአማርኛ “ኦንቻር” የሚለውን ምርጫ ሲሰጡት የአማርኛ ፊደል ባገኘ ቁጥር ፎንቱን ራሱ ይቀይራል። ያለዚያ በእያንዳንዱ የአማርኛ ሐረግ ዙሪያ ትእዛዝ መጻፍ ግድ ነው፤ 40 ጥያቄ ባለው መጠይቅ ላይ ይህ እንዴት እንደሚያሰለች መገመት አያቅትም።

ወደ ፎንቶቹ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነፃ ነው፣ የብራና ጽሑፍ ወዝ አለው፣ ለንባብም ይመቻል። ጉድለቱ አንድ ቢሆንም ቀላል አይደለም፦ የሚመጣው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ላቴክ ደማቁን ሲያጣ አይቆምም፤ ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ውስጥ ማስጠንቀቂያ ጥሎ በተራው ፎንት ይቀጥላል። ስለዚህ የሠንጠረዡ ራስጌና የምዕራፉ ርዕስ ከተራው ጽሑፍ ሳይለዩ ይታተማሉ። “ኦቶፌክቦልድ” የሚባለው ምርጫ የፊደሉን ጠርዝ አወፍሮ ደማቅ ያስመስላል፤ በ10 ፖይንት ግን እንደ “ጭ” ያሉ ፊደላትን ጠባብ ክፍተት ይደፍናል። ለርዕስ ይሁን፣ ለሠንጠረዥ አይመከርም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም 9 ውፍረት አለው። ውበቱ ከአቢሲኒካ ያንሳል ብንልም ለሳይንስ ጽሑፍ ምርጫችን እሱ ነው። ከጉግል ፎንትስ ሲያወርዱት “ስታቲክ” ከሚለው አቃፊ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ይጫኑ፤ ውፍረቱ የሚለዋወጠውን ነጠላ ፋይል ዚላቴክም የፓይተን ግራፍ መሣያው ማትፕሎትሊብም በቅጡ አይዙትም።

አቢሲኒካ የላቲን ፊደልም ስላለው “አንዱ ለሁሉ” ብለው ዋና ፎንት የሚያደርጉት አሉ። ቡና በሚጠናበት ከተማ ይህ ስህተት ወዲያው ይጋለጣል። ኮፊያ አራቢካ የሚለው ሳይንሳዊ ስም በላቲን ሲጻፍ ዘንበል ማለት አለበት፤ አቢሲኒካ ግን ዘንባላ ፊደል ስለሌለው ስሙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ላቲኑን ለቴክስ ጋይር ተርመስ መስጠት ነው፤ ታይምስን ይመስላል፣ ደማቁም ዘንባላውም አለው። ቀመሩን የቀመር ፎንት በሚመርጠው ጥቅል በዩኒኮድማዝ በኩል ቴክስ ጋይር ተርመስ ማዝ ያድርጉት። “ታይምስ” የሚባለው ያረጀ ጥቅል ጽሑፉን ብቻ ይቀይርና ቀመሩን በላቴክ መደበኛ ፎንት በኮምፒውተር ሞደርን ይተወዋል፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል የሚታየው በዚህ ነው።

ፊደላችን ከላቲኑ ጎን ገዝፎ ይታያል። “ማች ሎወርኬዝ” የሚለው የመጠን ምርጫ የሚለካው የላቲኑን ትንሽ ፊደል ቁመት ስለሆነ ለአማርኛው ፊደል አይረዳም። መጠኑን በቁጥር 0.9 ብለው ይጀምሩና በዓይን ያስተካክሉ።

የጠፋ ፊደል ሳይታወቅ እንዳያልፍ “ትሬሲንግሎስትቻርስ” የሚለውን ትእዛዝ 3 ላይ ያድርጉት። ላቴክን ከነጥቅሎቹ ከሚያሰራጨው ከቴክ ላይቭ 2021 ጀምሮ ትእዛዙ ፊደል በጎደለ ቁጥር ስህተት ብሎ ያስቆማል። ከዩኒኮድ (ከዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) በፊት በነበረው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ መጠይቅ ሲለጠፍ ግን ይህም አያድንም፤ የሚገባው የአማርኛ ፊደል ሳይሆን የላቲን ዝባዝንኬ ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ግራፉ ላይ በብዛት የሚበላሸው መጠኑ ነው። ግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ያለው ኤ4 ለጽሑፍ የሚተወው 16 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 6.3 ኢንች ነው። ማትፕሎትሊብ ላይ 10 ኢንች ስፋት፣ 10 ፖይንት ፊደል ብለው ሣሉት እንበል፤ ላቴክ ወደ 6.3 ኢንች ሲያጠበው ፊደሉ 6.3 ፖይንት ይሆናል። ከመነሻው በ6.3 ኢንች ይሣሉ፣ ፊደሉን 9 ያድርጉ፣ ላቴክ ውስጥ ምንም አይቀንሱ። ሲያስቀምጡ “ታይት” የሚለውን ምርጫ ይተዉት፤ ዳር ዳሩን ከርክሞ የለኩትን ስፋት ይቀይርብዎታል። በምትኩ “ኮንስትሬይንድ” የሚባለው አቀማመጥ አለ።

ሳይንስፕሎትስ የተባለው የማትፕሎትሊብ ተጨማሪ ግራፉን የመጽሔት መልክ በአንድ መስመር ያለብሰዋል፣ ያምራልም። ነገር ግን ካልከለከሉት ጽሑፉን የሚያሳልፈው በድሮው ላቴክ በኩል ስለሆነ የአማርኛ መለያ ሲገባ ይወድቃል። “ኖ ላቴክ” የሚለውን መጨመር ግድ ነው። ያኔም የማትፕሎትሊብ መደበኛ ፎንት ዴጃቩ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው ባዶ ሳጥን ይደረድራል፤ “ግሊፍ 4768 የለም” የሚል መልእክት ካዩ የጠፋው “አ” ነው። ከማትፕሎትሊብ 3.6 ጀምሮ ፎንቶችን በዝርዝር መስጠት ይቻላል፦ ላቲኑን አስቀድሞ ኖቶን ማስከተል።

ከሁሉም የምንወደው ግን ግራፉን በላቴክ ትእዛዝ መልክ የሚያወጣውን የማትፕሎትሊብን “ፒጂኤፍ” ማውጫ ነው። የሰነዱን የፎንት መስመሮች እዚያም ደግመው ቢጽፉ የግራፉና የገጹ ፊደል አንድ ይሆናል። ግራፍን እዚያው ላቴክ ውስጥ የሚሥለው ጥቅል ፒጂኤፍፕሎትስም ይህን ያሟላል፤ ነጥቡ ሺዎች ሲደርስ ግን ላቴክን ያንቀራፍፈዋል፣ ማህደረ ትውስታም ይጨርሳል።

ለመጽሔት የሚላክ ከሆነ ደግሞ “ፒዲኤፍ ፎንትታይፕ” የሚለውን የማትፕሎትሊብ ቅንብር ወደ 42 ይቀይሩ። ሳይነካ 3 ነው፤ ታይፕ 3 ፎንት ያለበትን ፋይል የማይቀበሉ አሉ።

ፕሪንት ቤት ሲደርሱ የፒዲኤፉ ጥቅም ይታያል፦ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ታቅፎ ስለሚሄድ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጥም። ወረቀቱ ግን ኤ4 መሆኑን በሰነዱ አናት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፣ የላቴክ መደበኛ ልኬት የአሜሪካው ሌተር ነውና። የሚያትመው ልጅ “ከገጹ ጋር አስማማ” የሚለውን እንዳይመርጥ ይንገሩት፤ ገጹ ትንሽ ጠቦ የለኩት ኅዳግም ፊደልም ይዛባል። በጥቁርና ነጭ ቀይና አረንጓዴ መስመር አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሆኑ አንዱን የተቆራረጠ፣ ሌላውን ባለ ነጥብ ያድርጉት፤ ውፍረታቸውም ከ0.8 ፖይንት አይነስ።