አቼቶ ወይስ ኤችፒቪ? ለአክስቴ የመረጥኩላት

ጎንደር፣ አዘዞ ያለችው አክስቴ 52 ዓመቷ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርጋ አታውቅም። "ልጄ፣ ከአቼቶውና ከኤችፒቪው ምርመራ የቱ ይሻለኛል?" አለችኝ።

የአሴቲክ አሲዱ (አቼቶ በሉት) ምርመራ ርካሽ ነው፤ ነርሷ የማሕፀን በሩን ቀብታ የሚነጣ ቦታ ካለ ታያለች፣ ውጤቱ እዚያው ይነገራል፣ ሕክምናም ካስፈለገ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይሰጣል፤ ከአዘዞ ፒያሳ ለምትመላለስ ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁሉም ነገር በነርሷ ዓይን ላይ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላማ ብዙም አያስተማምንም።

የኤችፒቪው ምርመራ ደግሞ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ (ኤችፒቪ) ራሱን ይፈልጋል። ናሙናውን ራሷ መውሰድ ትችላለች፣ ለሚያፍር ሰው ግልግል ነው! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው ይህንን ነው። ቫይረሱ ካልተገኘባት ቀጣዩ ምርመራ ከ5 እስከ 10 ዓመት በኋላ ነው፤ በአቼቶው ግን በየ3 ዓመቱ ነው።

እኔ ኤችፒቪውን አልኳት። ቫይረሱ ቢገኝ ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነም ደጋግሜ ነገርኳት፣ ድንጉጥ ናትና።