ሁለቱ አምኔዥያዎችና የ50 ብሩ ቅጂ፦ የትኛውን እንግዛ ለምትሉኝ

እዚህ ጎንደር ከማራኪ እስከ አዘዞ ያሉ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «አምኔዥያ የሚባለውን አስፈሪ የኮምፒውተር ጨዋታ ልገዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን ወይስ የ2013ቱን?» የመጀመሪያውን፣ ዘ ዳርክ ዲሰንትን ግዙ።

በቅድሚያ ዋጋ። ሁለቱም ለገበያ ሲወጡ 20 ዶላር ገደማ ነበሩ። ዶላርን በ150 ብር ብናስበው 3,000 ብር ነው፤ በዚህ ዋጋ አንዱንም አትግዙ። በውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ዳርክ ዲሰንትን በቅናሽ ወቅት ከ4 ዶላር በታች ገዝቶ ላከልኝ፤ 600 ብር ገደማ ማለት ነው።

«እዚሁ በፍላሽ በ50 ብር ይገለበጥልን የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። እኔም አስገልብጬ ነበር። ቅጂውን ለማሳነስ ሲሉ የድምፅ ፋይሎቹን ቆርጠው አውጥተዋቸዋል። ውጊያ በሌለበት ጨዋታ ውስጥ ከበሩ ጀርባ የሚሰማው ኮቴ ከጠፋ ምን ይቀራል? በጎርፍ የተሞላው ምድር ቤት ውስጥ ጭራቁ በዓይን አይታይም፤ መምጣቱ የሚታወቀው ውኃው ሲንቦጫረቅ ነው። እዚያ ስደርስ ጨዋታው ራሱን ዘጋ። ከፍላሹ ጋር የገባው ሾርትከት ቫይረስ ደግሞ የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ ሰወረው። ጽሑፉን ለማስመለስና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ለማስጫን 600 ብር ከፈልኩ። ከ50 ብሩ ጋር 650 ሆነ፤ ትክክለኛው ጨዋታ በ50 ብር ረክሶ ነበር።

ወደ ጨዋታዎቹ ልመለስ። በዳርክ ዲሰንት ዳንኤል የሚባል ሰው በ1839 በፕሩሺያ፣ ብሬነንበርግ በሚባል ቤተ መንግሥት ውስጥ ማንነቱን ረስቶ ይነቃል፤ የቤተ መንግሥቱን ጌታ አሌክሳንደርን እንዲገድል የሚያዝዘውን ደብዳቤ የጻፈውም ራሱ ሆኖ ያገኘዋል። በእጁ ያለው ፋኖስ ብቻ ነው፤ ዘይቱ ያልቃል። በጨለማ ከቆየ አእምሮው ይታወካል፤ ካበራ ጭራቁ ያየዋል። በፋሲል ግቢ አጠገብ ያደገ ሰው በድንጋይ ደረጃ ላይ በጨለማ መውረድ ምን እንደሆነ ያውቃል። መብራት በጠፋ ምሽት በላፕቶፑ ባትሪ ስጫወት ኩራዝ ስንቆጥብ ያደግንበት ዘመን ትዝ ብሎኛል።

የ2013ቱን፣ ኤ ማሽን ፎር ፒግስን የሠራው ሌላ ስቱዲዮ ነው። በ1899 ለንደን፣ ማንዱስ የሚባል ባለጸጋ ልጆቹን ይፈልጋል። ጽሑፉ ውብ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ፋኖሱ አያልቅም፣ የዕቃ መያዣ የለም፣ እንቆቅልሹም ቀላል ነው። በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩት፤ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ደግሞ ይንቀረፈፍ ነበር። ዳርክ ዲሰንት በዚያው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ሠርቷል። ጀስቲን የተባለው ተጨማሪ ምዕራፍ በነፃ የሚመጣ ሲሆን፣ ተጫዋቾች የሠሯቸውን ታሪኮችም ያለ ክፍያ መጫን ይቻላል። እኔ በዚያው 600 ብር አንድ ክረምት ሙሉ ተጫውቼበታለሁ።

ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነ ጂ.ኦ.ጂ. ከሚባለው የኢንተርኔት መደብር ይሁን። የመጫኛ ፋይሉ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽ ካስቀመጣችሁት ኮምፒውተራችሁ ቢበላሽም እንደገና ለማውረድ የዳታ ገንዘብ አታወጡም። ከተረፋችሁ ብር ላይ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ጨምሩ። ሁለተኛውን ግን ከ2 ዶላር በታች እስኪወርድ ጠብቁት።