አይቨርሜክቲን 1 በመቶ መርፌ፦ ለመንዝ በግና ለጓሳ ጎረቤቶቹ

ለሰሜን ሸዋ ደጋ የእከክ መድኃኒት ምረጡ ብንባል ሳናመነታ አይቨርሜክቲን መርፌን እንመርጣለን። መሐል ሜዳና ጓሳ በተባለው የመንዝ ጥብቅ የሣር ሜዳ ዙሪያ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በግን ዲያዚኖን የተባለ የተባይ መድኃኒት ባለበት ውኃ ነክሮ ማሳደር ግልገሉንና የከሳውን ለብርድ መስጠት ነው። መርፌው ይህን ጣጣ ያስቀራል፣ የሆድ ክብ ትሎችንም አብሮ ይጠርጋል። ሆኖም «አስወጋን፣ አልዳነም» የሚል ቅሬታ አይጠፋም። ብልቃጡን ከማማት በፊት አወጋጉ ይታይ።

ልኩ ለ50 ኪሎ 1 ሲሲ ነው። 25 ኪሎ የምትመዝን የመንዝ በግ ግማሽ ሲሲ፣ 10 ኪሎ ግልገል ደግሞ 0.2 ሲሲ ብቻ ይበቃቸዋል። ይህችን ትንሽ ልክ በ10 ሲሲ ሲሪንጅ መለየት ስለማይቻል የ1 ሲሲውን ግዙ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ቆዳ ሥር ነው፦ ከትከሻ ኋላ ጸጉሩን ገልጦ፣ ቆዳውን በሁለት ጣት አንስቶ፣ መርፌውን በእጥፋቱ ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ መግፋት። ፈሳሹ ወፈር ያለ ነው፤ የቸኮለ ሰው መርፌውን ሲነቅል ጠብታው በቀዳዳው ተመልሶ ጸጉሩ ላይ ይፈሳል። ከግማሽ ሲሲ ላይ ያ ጠብታ ብዙ ነው። መርፌው ሲወጣ ቦታውን በጣት ጫን አድርጎ ማሸት ይህን ይከላከላል።

ዋናው ስህተት ግን አንዴ ወግቶ መተው ነው። የእከክ ተባይ ቆዳ ሰርስሮ እንቁላሉን እዚያው ውስጥ ይጥላል፤ መድኃኒቱ ደግሞ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ በ14ኛው ቀን ሁለተኛው መርፌ የግድ ነው፤ ያውም ለታመመው ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ለሚመስለው መንጋ ሁሉ፣ ምክንያቱም ማሳከኩ ተባዩ ከገባ ከሳምንታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። የጋጣው ጉዝጓዝም በዚያው ቀን ተጠርጎ ይቃጠል። ብርድና እርጥበት ባለበት ተባዩ ከእንስሳው ተለይቶ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ ደጋችን ደግሞ ለዚህ ይመቸዋል።

ጸጉር የሚበላውን ቅማል መርፌው እምብዛም አይነካውም፤ ለጭርትም ሆነ ለበግ ፈንጣጣ ምንም አይፈይድም። ከመግዛት በፊት የእንስሳት ሐኪም ከቁስሉ ዳር ቆዳውን ደም እስኪያዥ በምላጭ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይይ። ለውሻም በራስ ግምት አትወጉ፤ የአንዳንድ ዘር ውሾችን አእምሮ ይመርዛል።

ጓሳን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከበጉና ከእረኛው ውሻ ጋር አንድ ሜዳ ይጋራሉ። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው እከክ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ቀበሮ ጨርሷል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ ብዊንዲ ደን አንድ የጎሪላ ግልገል በእከክ ሞቶ ሌሎቹ በዚሁ በአይቨርሜክቲን ድነዋል። ነገር ግን አንድን አውሬ ይዞ መውጋት፣ ከ2 ሳምንት በኋላም ያንኑ ፈልጎ መድገም እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ መከላከሉ ከበጉና ከውሻው ይጀምራል። ጸጉሩ የረገፈ፣ ቆዳው የተላላጠ ቀበሮ ካያችሁ አትቅረቡት፣ መድኃኒት የተቀባ ሥጋም አትጣሉለት፤ ለጓሳ ጠባቂዎች ንገሩ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። መድኃኒቱ ከበጠጡ ጋር እየወጣ እበት የሚበሉ ጥንዚዛዎችን ስለሚጎዳ የተወጋውን መንጋ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ወደ ጓሳ አታውጡ። ሥጋውም ወዲያው አይበላም፤ የክልከላው ቀን በብልቃጡ ላይ ተጽፏል፣ የሚቆጠረውም ከሁለተኛው መርፌ ነው። ለፋሲካ የሚሸጥ በግ በሁዳዴ መያዣ ቢጀመርለት ከሁለተኛው መርፌ በኋላ 41 ቀን ገደማ ይቀረዋል፤ ብልቃጡ ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ከሁዳዴ በፊት ጀምሩ።