የቪቪቲ ቫልቭ ለመፈተሽ መልቲሜትር ይሻላል ወይስ ስካነር?

ቼክ ኢንጂን በርቶ ፒ0011 የሚል ኮድ ሲወጣ ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ የቪቪቲ (የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት) ዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ። ገጠምኩት፣ በማግስቱ መብራቱ ተመልሶ በራ። ጥፋቱ የዘይቱ ነበር፤ ከመቆየቱ ብዛት ሬንጅ መስሏል። ከዚያ ወዲህ ከቫልቩ በፊት መፈተሻ መግዛት ይቀድማል ባይ ነኝ። የትኛውን? መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ወይስ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር)?

ቫልቩ ውስጥ ኮይል (የሽቦ ጥቅልል) አለ፤ ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንዲት ተንሸራታች ዘንግ ይገፋል። ዘይቱን የሞተሩን ቫልቮች ወደሚከፍተው ካምሻፍት የምታሳልፈው እሷ ናት። ኮይሉ ጤነኛ ሆኖ ዘንጓ በቆሻሻ ልትነክስ ትችላለች። መሣሪያዎቹም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

መልቲሜትር የሚያየው ኮይሉን ብቻ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ በቫልቩ ሁለት እግሮች መካከል ኦም ትለካላችሁ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም ይጠበቃል። ለሌላ መኪና የራሱን ማኑዋል እዩ። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት አድርጓል። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ለባትሪና ለፊውዝም ይሆናል። ግን ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ቫልቩ ደህና ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

የጎደለውን፣ ፊውዝ ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ይሞላሉ። ቫልቩን ፈታችሁ ከባትሪ 12 ቮልት ለአፍታ ስጡት። ዘንጓ እስከ ጥግ መሄድ፣ ሲቋረጥ ደግሞ በስፕሪንጓ መመለስ አለባት። ድምፅ ሰምታችሁ አትለፉ፣ በዓይናችሁ እዩ። ቀጭ እያለች ግማሽ መንገድ የምትቀር አለች። ደግሞ አታቆዩት፤ የመኪናው ኮምፒውተር የሚልከው እየቆራረጠ ስለሆነ፣ ያልተቋረጠ 12 ቮልት ኮይሉን ያግለዋል።

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ትንሹ የኮድ ማንበቢያ? ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነ አልገዛውም። ፒ0010 ካለ ችግሩ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፣ ያው ወደ መልቲሜትር ትመለሳላችሁ። ፒ0011 ወይም ፒ0012 ካለ ካምሻፍቱ ከታዘዘበት ቦታ አልተገኘም ማለት ነው። ምክንያቱ ዘይቱ፣ የተደፈነ የዘይት ወንፊት፣ ቫልቩ ወይም የተሳበ የካምሻፍት ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ይህን አይለይም።

ትእዛዝ መላክ የሚችለው ስካነር ሌላ ዓለም ነው። ቫልቩን ሳትፈቱ፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ሲሠራ በመግቢያው በኩል ያለውን የቪቪቲ ቫልቭ ክፈት ትሉታላችሁ። ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ ዘይቱ እየደረሰ፣ ቫልቩም እየታዘዘ ነው። ምንም ካልተለወጠ ፈታችሁ እዩ። የታዘዘውንና የተገኘውን የካምሻፍት ማዕዘን ጎን ለጎን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ዘግይቶ የሚታዘዝ ቫልቭም ይጋለጣል። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ካርቶኑ ላይ "ሁሉንም መኪና ያነባል" መባሉ ትእዛዝ ይልካል ማለት አይደለም፤ ለእናንተ ሞዴል ይህን ፈተና መሥራቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አታውጡ።

አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው መልቲሜትሩና ሁለቱ ሽቦዎች ይበቃሉ፤ ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብሎን የተያዘ ነውና መፍታቱ አያስቸግርም። የቤተሰቡንም የጓደኛውንም መኪና የሚነካካ ግን ስካነሩን ይግዛ።