ሂልተን፣ ማሪዮት ወይስ ሃያት? የሆቴል ነጥብና ደረጃ ለባልና ሚስት ሲነጻጸር

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላይ የሂልተን፣ የማሪዮት ወይም የሃያት ሆቴል የለም። ስለዚህ የከተሞቻችን ባልና ሚስት ነጥብ (በአባልነት ሲያድሩ የሚጠራቀምና በኋላ ለአዳር የሚከፈልበት) የሚሰበስቡት ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ለስልጠና ናይሮቢ ሲላኩ ወይም ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ሲመላለሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዋናነት የሚመረጡት ሦስት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን፣ በማሪዮት የአባልነት ፕሮግራም በማሪዮት ቦንቮይ ሥር ያለው ሸራተን አዲስ እና መስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ። የሦስቱም አባልነት በነጻ ነው፤ ሦስቱም ነጥብ ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስትም ወደ ባል ያለ ክፍያ እንዲዛወር ይፈቅዳሉ። የሚለያዩት በሚዛወረው መጠን፣ በአካሄዱና ይበልጡን ደግሞ የአንዱ ደረጃ (በዓመት በሚቆጠሩ አዳሮች የሚገኝ፣ እንደ ሲልቨርና ጎልድ ያለ የአባልነት እርከን) ለሌላው በሚተርፍበት መንገድ ነው።

ነጥብ ይዛወራል፤ ደረጃ ግን በአባሉ ስም ተመዝግቦ የሚቀር ነገር ነው። ባል ጎልድ ስለሆነ ሚስት ብቻዋን ስትሄድ እንደ ጎልድ አትስተናገድም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ክፍሉ በማን ስምና በየትኛው የአባልነት ቁጥር እንደተያዘ ነው፤ ትዳሩን የሚጠይቅ የለም። ይህ ለእኛ የሚመች ጎንም አለው። ሚስት የባሏን ስም በማትይዝበት አገር የአባት ስም መለያየቱ ነጥብ ከማዛወር አያግድም፤ ተቀባዩ የራሱ አካውንት ያለው አባል ከሆነ የጋብቻ ማስረጃ አያስፈልግም።

በነጥብ ማዛወር እጁ የሚፈታው ሂልተን ነው። አንድ አባል ሌሎች 10 ሰዎችን ጨምሮ የጋራ ቋት ማቋቋም ይችላል፤ በአንድ የፈረንጆች ዓመት ውስጥም እስከ 500,000 ነጥብ መስጠትና እስከ 2 ሚሊዮን መቀበል ይፈቀድለታል። ማሪዮት ቦንቮይ በዓመት እስከ 100,000 መስጠትና እስከ 500,000 መቀበልን ይፈቅዳል። ሃያትም በነጻ ያዛውራል፤ ነገር ግን አንዴ ካዛወሩ በኋላ 30 ቀን ሳይሞላ መድገም አይቻልም። እንደ እኔ ግምት ለአብዛኛው ቤተሰብ የማሪዮት 100,000 ገደብ ችግር አይፈጥርም። ችግር የሚፈጥረው ሌላው ደንቡ ነው፤ አዲስ አካውንት ነጥብ ለማዛወር የተቆጠረ አዳር ካለው 30 ቀን፣ ከሌለው ደግሞ 90 ቀን መሙላት አለበት። ስለዚህ ለጉዞ ያላሰበው የትዳር ጓደኛም አካውንቱን ከወዲሁ ቢከፍት ይመረጣል።

ቁጥሮቹን በግርድፉ ማወዳደር ያሳስታል። ሂልተንና ማሪዮት በአብዛኞቹ ሆቴሎቻቸው ለአንድ ዶላር 10 ነጥብ ሲሰጡ ሃያት የሚሰጠው 5 ነው። የሃያት አካውንት ባዶ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አንዱ ነጥብ የሚገዛው አዳር በአመዛኙ ይበልጣል። ሌላውን የሆቴል ሰንሰለት አይኤችጂን በዋናው ንጽጽር ውስጥ ያላስገባሁት ደግሞ በመደበኛው አሠራር ለየ1,000 ነጥቡ 5 ዶላር የማዛወሪያ ክፍያ ስለሚጠይቅ ነው። 40,000 ነጥብ ለማዛወር 200 ዶላር፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል ደመወዙን በብር ለሚቀበል ሰው የሚታሰብ አይደለም።

ከመጠኑ ይልቅ ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥቡ ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ነው። ሂልተን በነጥብ ለሚያዝ መደበኛ ክፍል አምስተኛውን ሌሊት በነጻ የሚሰጠው ሲልቨርና ከዚያ በላይ ደረጃ ላላቸው አባላት ብቻ ነው። ለምሳሌ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ባል ብዙ ነጥብ አጠራቅሞ ደረጃው ግን አሁን ባይኖረው፣ ሚስቱ ደግሞ በመሥሪያ ቤቷ ጉዞዎች 10 አዳር ሞልታ ሲልቨር ብትሆን፣ ነጥቡን ወደ እሷ አዛውረው ክፍሉን በእሷ ስም ቢይዙ ዱባይ ላይ አምስት ሌሊት የሚያድሩት በአራት ሌሊት ነጥብ ነው። በባል ስም ከያዙት አምስቱንም ይከፍላሉ። ማሪዮት ተመሳሳዩን ጥቅም ደረጃ ሳይለይ ለሁሉም አባል ይሰጣል። ሃያት ግን እንዲህ ያለ ቅናሽ የለውም።

ባልና ሚስት አብረው በአንድ ክፍል ሲያርፉ የአንዱ ደረጃ ለሁለቱም ይበቃል ማለት ይቻላል። ሂልተን ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሆቴሎቹ ለጎልድ አባልና በዚያው ክፍል ለተመዘገበ አንድ እንግዳ ቁርስ በነጻ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮም ለጎልድ የሚጠይቀውን ከ40 አዳር ወደ 25 አውርዶታል። የማሪዮት ጎልድም 25 አዳር ይጠይቃል፤ ቁርስ ግን የለውም። መክሰስና መጠጥ የሚቀርብበት የአባላት ሳሎን (ላውንጅ) ከአንድ እንግዳ ጋር የሚከፈተው 50 አዳር ሞልቶ ፕላቲነም ሲደረስ ነው። የሃያት ከፍተኛ ደረጃ የሆነው ግሎባሊስት 60 አዳር ይፈልጋል፤ ሲደርሱበት ግን በክፍሉ ለተመዘገቡ ሁለት አዋቂዎችና ሁለት ልጆች ሙሉ ቁርስ ስለሚሰጥ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው።

ክፍል የመልቀቂያ ሰዓትም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የማሪዮት ፕላቲነምና የሃያት ግሎባሊስት ከመዝናኛ ሆቴሎች በስተቀር እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያቆያሉ፤ ሂልተን ግን ለጎልድ አባል ክፍል ሲኖር ያዘገያል እንጂ ሰዓት ቆርጦ ቃል አይገባም። በማታ በረራ ወደ ድሬዳዋ ለሚመለስ ሰው ልዩነቱ ሻንጣ እንግዳ መቀበያ አስቀምጦ ግማሽ ቀን ከመንከራተት ያድነዋል። ድሬዳዋ አርፎ ወደ ሐረር የሚቀጥል ሰው ግን በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎ ዳገት በጨለማ ላለመውጣት ቀደም ያለውን በረራ ስለሚመርጥ ለዚህ ጥቅም ብሎ ፕሮግራም ባይቀይር ይሻለዋል።

አብረው ለማይጓዙት ደግሞ ከሦስቱ የሚሻለው ሃያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በዓመት ከ40 አዳር ጀምሮ ከሚገኙት ሽልማቶች አንዱ «ጌስት ኦፍ ኦነር» ነው። ይህን ለሚስት ወይም ለባል በስጦታ መስጠት ስለሚቻል ብቻዋን የሄደችው ሚስት በዚያ ቆይታዋ ቁርሱንም፣ የመልቀቂያ ሰዓቱንም እንደ ግሎባሊስት ታገኛለች። ማሪዮት 50 አዳር ለሞላ አባል ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች አንዱ ሲልቨርን፣ 75 ለሞላው ደግሞ ጎልድን ለሌላ ሰው መስጠት ነው፤ 50 ሌሊት ከቤት ውጭ አድሮ ሲልቨር ማበርከት ለእኔ ብዙም የሚያጓጓ አይደለም። የሌላው የሆቴል ሰንሰለት የዊንደም ዳይመንድ አባልም ጎልድን በስጦታ መስጠት ይችላል፤ የዊንደም ጎልድ ግን በ5 አዳር በራስም የሚገኝ ነው።

እንግዲህ አንዱ ብቻ በብዛት የሚጓዝበት፣ ሌላው በእረፍት ጊዜ የሚቀላቀልበት ቤት ሂልተንን ቢይዝ ይበጀዋል። በየአገሩ ብዙ ሆቴል የሚፈልግና አምስት ሌሊት በነጥብ የሚያድር፣ ደረጃ የሌለው ቤተሰብ ማሪዮትን ይምረጥ። ሃያት የሚያዋጣው ከሁለቱ አንዱ 40 አዳርን በእርግጥ የሚያልፍ ከሆነ ነው። ያለበለዚያ የሆቴሎቹ ቁጥር ማነሱ ብቻ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አዳሩ ከተቆጠረ ነው። በሌሎች የኢንተርኔት ማስያዣዎች የተያዘ ክፍል በአብዛኛው ነጥብም አዳርም አያስገኝም፤ አዘጋጁ ለሁሉም ተሳታፊ በአንድ ደረሰኝ የሚከፍልበት የወርክሾፕ ቆይታም ላይቆጠር ስለሚችል አስቀድሞ ሆቴሉን መጠየቅ ያሻል። አብረው ሲያርፉ ክፍሉ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ደረጃ በቀረበው የትዳር ጓደኛ ስም ይያዝ። በሦስቱም ፕሮግራሞች 24 ወር ያልተንቀሳቀሰ አካውንት ነጥቡን ስለሚያጣ፣ እምብዛም የማይጓዘው ወገን ጊዜው ሳያልፍበት ያለውን ወደ ሌላው ማዛወር አለበት። የባልን የአባልነት ቁጥር በሚስት ስም በተያዘ ክፍል ላይ ማስገባት ግን ስሙ ከአካውንቱ ጋር ስለማይገጥም ለአንዳቸውም አዳር አያስቆጥርም።